ደብሪቱ እልል ያለችበት ቤት

በአያቶቻችን አያቶች ዘመን ነው አሉ፣ ልጆቼ፤ የዛሬው እርሻ ጫካ፣ የዛሬው ጫካ እርሻ በነበረበት ጊዜ። ሾላ ምንጭ በምትባል መንደር ደብሪቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። መሬት የላት፣ ከብት የላት። ሥራዋ የቤተ ክርስቲያን ግቢ መጥረግ ነበር። ታቦቱ ኮረብታው ላይ ወደተሠራው አዲስ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ ሰው ሁሉ አጅቦት ወጣ። አሮጌው ክብ ቤት ባዶውን ቀረ። ደብሪቱ ግን እሱንም መጥረጓን አልተወችም፤ አመል ሆኖባት ነው።

በዚያ ክረምት ተራራው ተናደና የታችኛውን ሰፈር ቤቶች ይዞ ወረደ። የሰዎቹ ነፍስ ተረፈች፤ መጠለያ ግን አልነበራቸውም። ሕፃናት ዛፍ ሥር ሲንቀጠቀጡ ደብሪቱ አየች። ተነሥታ ወደ ቄሰ ገበዙ፣ ወደ አባ ወልደ ሰንበት ሄደች።

«አባቴ፣ አሮጌውን ቤት ለነዚህ ሰዎች ይስጡልኝ።»

«አብደሻል? ታቦት የኖረበት ቤት ሽሮ ሊወጠወጥበት?» ብለው አባረሯት።

የመጀመሪያው ፈተናዋ ይህ ነበር። ደጃቸው ላይ ተቀመጠች። ዝናቡ መጣ፣ ተቀመጠች። በረዶው መጣ፣ ተቀመጠች። በመጨረሻ አባ ወጡ። «መቅደሱን እጠሩት፤ ማንም አይርገጠው። ዙሪያውን ቤት አድርጉት። ነውር ካየሁ ግን ያኔውኑ ሁላችሁም ትወጣላችሁ» አሉ።

ጭቃ ረገጡ፣ ጭድ ቀላቀሉ፣ ዙሪያውን ከፋፈሉት። ለየቤተሰቡ አንድ አንድ ክፍል ደረሰው። ሁለተኛው ፈተና ግን ሳቅ ያለበት ነው። ሊገቡ ሲሉ ወንዶቹ እንደለመዱት በወንዶች በር፣ ሴቶቹ በሴቶች በር ገቡ። ባል ወዲህ፣ ሚስት ወዲያ! ወንዶቹ ዱላቸውን እንደ መቋሚያ ተደግፈው ቆሙ። እሳት የሚያነድ ጠፋ፤ ልጆቹ በረሃብ አለቀሱ።

«ምነው፣ ቅዳሴ ልታስቀድሱ ነው የመጣችሁት?» አለች ደብሪቱ። ባሎቹን እየጎተተች ከየሚስቶቻቸው አገናኘች። እሳቱንም ራሷ አነደደች።

ሦስተኛው ፈተና ከባድ ነበር። ብርቄ የምትባል ነፍሰ ጡር ምጥ ያዛትና ወደ ዝናቡ ወጣች። «አራስ ቤተ ክርስቲያን አትገባም። እዚህ ከወለድኩ ሰዉን ሁሉ ማስወጣቴ ነው» አለች። ደብሪቱ ተከትላ ወጣች፤ ደግፋ መለሰቻት። ሕፃኗ ተወለደች። ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ፤ እልል ካሉ ኮረብታው ላይ ለአባ ይሰማላ! ደብሪቱም ፈርታለች። እልል ካለች እነዚህን ሁሉ ሰዎች ዳግመኛ ሜዳ ላይ ልትጥል ነው። ሕፃኗን አየቻት። እንደ ሌባ ተደብቃ እንድትወለድ ግን አልፈለገችም። እልል አለች።

አባ ጥላቸውን ይዘው ወረዱ፤ በሩ ላይ ቆሙ። «ምንድን ነው የሰማሁት?»

«አባቴ፣ ቤት ብለው ሰጡን፤ ቤት ከሆነ ይወለድበታል። ቤት ካልሆነም ይንገሩንና ከነአራሷ እንውጣ» አለች።

አባ ተመልሰው ሄዱ። ሰዉ እያለቀሰ ጓዙን መጠቅለል ጀመረ። ጓዙ ሳይወጣ አባ ጠበል ይዘው መጡ። እንደማንኛውም የአራስ ቤት ጸሎት አደረሱ፣ ማዕዘን በሌለው ቤት ዙሪያውን ረጩ። ከዚያም ቁጭ አሉና፣

«በሉ እንጂ፣ ገንፎው የታለ?» አሉ።

እስከ ዛሬ በሾላ ምንጭ አዲስ ቤት ሲያልቅ ባለቤቱ ቀድሞ አይገባም። ከሰፈሩ ድሃዋ ሴት ትጠራና መሃል ቆማ እልል ትላለች። የደብሪቱ እልልታ ይሉታል። እሱ ካልተሰማ ግድግዳው ያማረ፣ ጣሪያው የጸና ቢሆን እንኳ ማንም ቤት ብሎ አይጠራውም።