የወተት ዱቄቱ ጣሳ

በሸኖ አካባቢ አንድ ሰው ደግነቱ ከልክ ሲያልፍ፣ ለምሳሌ ችግኝን በቀን አራቴ ሲያጠጣ ወይም ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ሥጋ ሲያጎርስ ከተገኘ፣ ሰዎች የጣሳውን ተረት ያነሱበታል። ጣሳው የማን ቤት ጣሳ እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። የአቶ ወንድይፍራው ቤት ጣሳ ነው።

አቶ ወንድይፍራው እንግዳ በመቀበል የታወቀ ሰው ነበር። ወደ ቤቱ በእግሩ የገባ ሰው በከዘራ ይወጣል ይባል ነበር። እንግዳው «በቃኝ» ሲል አይሰማም፤ ጉርሻውን ያነሳና «በሞቴ» ይላል። በሞቴ ከተባለ ደግሞ ማን እንቢ ይላል? ጎረቤቱ ጋሽ ሽብሩ እዚያ ቤት በተጠራ ቀን ጠዋት እህል አይቀምስም ነበር፤ ለጽድቅ ሳይሆን ለቦታ ብሎ።

ሚስቱ ወይዘሮ ውድነሽ ደግሞ ያለ ስፍር የማትንቀሳቀስ ሴት ነበረች። ሁለት የሀበሻ ላሞችና አንድ ወይፈን ሰጥታ ሸጊት የምትባል ዲቃላ ላም ለውጣለች። በረቱ ውስጥ ሌላ ከብት አልቀረም። ሸጊት ካለች ቤቱ አለ፤ ሸጊት ከሌለች ባዶ በረትና አንድ ጥጃ ብቻ ነው።

ሸጊት በወለደች በዘጠነኛው ቀን፣ ደብረ ብርሃን ያለችው ልጃቸው ተገላገለች ተብሎ ተደወለ። ውድነሽ አራሷን ልትጠይቅ፣ ገንፎም ልታገነፋላት ስትነሳ ባሏን ወደ በረት ወሰደችው። ምሰሶው ላይ አሮጌ የወተት ዱቄት ጣሳ ተንጠልጥሏል። ከሥሩ የፉርሽካና የኑግ ፋጉሎ ድብልቅ መኖ በጆንያ ቆሟል።

«መጀመሪያ ድርቆሽ» አለች። «ድርቆሹን ደህና አድርጋ ከበላች በኋላ ከዚህ መኖ ጠዋት ሦስት ጣሳ፣ ማታ ሦስት ጣሳ። በየሦስት ቀኑ አንድ አንድ ትጨምርላታለህ። ከዚያ በላይ አንድ ጭብጥ እንዳትነካ።»

«ይህን ሁሉ ወተት እያወረደች ሦስት ጣሳ?»

«ብዙ ስለምታወርድ ብዙ ትበላለች። ሆዷ ግን ዱቄት የሚለምደው ቀስ እያለ ነው። ከወር በኋላ ዘጠኝ ትበላለች። ዘጠኙን ዛሬ አትስጣት ነው የምልህ።»

«አንዷን አራስ አንቺ በገንፎ ልታጠግቢ ሄደሽ፣ ሌላዋን አራስ እኔ በጣሳ ላስርባት?»

«ያቺኛዋ ሲበቃት ትናገራለች» አለችና ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

የመጀመሪያውን ቀን እንደታዘዘው አደረገ። በማግስቱ ጠዋት ሸጊት ሦስቱን ጣሳ ጨርሳ ግርግሙን ላሰች፤ ቀና ብላም አየችው። ወንድይፍራው ያንን አስተያየት የሚያውቀው መሰለው። እንግዳ በአፉ «በቃኝ» እያለ በዓይኑ ድስቱን ሲያይ የሚያየው ነው። በሁለት እጁ ዝቆ ጨመረላት። ማታም ጨመረላት።

በሦስተኛው ቀን ወተቱ ከባልዲው የወትሮ ምልክት አንድ ጣት ያህል አለፈ። ወንድይፍራው ባልዲውን ወደ ደብረ ብርሃን አቅጣጫ ከፍ አድርጎ «ይኸው» አለ፤ በዚያ ርቀት የሚያየው ባይኖርም። ከዚያ ጠዋት ጀምሮ ጣሳው ከምሰሶው አልወረደም። መኖው በሰፌድ ሆነ። ድርቆሹንም ቢሆን ሆዷን በሣር አሲዞ ቦታ ከማባከን ብሎ ቀነሰው።

እሑድ ጋሽ ሽብሩን ምሳ ጠራው። ጋሽ ሽብሩ አራት ጉርሻ በፈቃዱ፣ ሦስት በሞቴ ተብሎ በላ። ወንድይፍራው ያን ጊዜ እንግዳውን ይዞ ወደ በረት ሄደ። ላሟ ብቻዋን ስትጾም ሰው መጥገቡ ከንክኖታል። ለጠላ የተፈጨ የገብስ ዱቄት ከጓዳ አውጥቶ፣ በጨው ለውሶ፣ በሳፋ ሙሉ ግርግሙ ውስጥ ገለበጠ።

«በሞቴ፣ ሸጊት» አለ።

ሸጊት አላስለመነችም። ጋሽ ሽብሩ ከብት በማርባት ያረጀ ሰው ነው፤ አንድ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር። ነገር ግን ሰባተኛዋ ጉርሻ ገና አልወረደችለትም፤ እስክትወርድ ድረስ ሳፋው አለቀ።

ሰኞ ጠዋት ሸጊት ግርግሙ ጋ አልመጣችም። አንገቷን ደፍታ ቆማለች። አታመሰኳም። የግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተወጥሯል፤ እበቷ እንደ አጥሚት ቀጥኗል፤ በረቱም የኮመጠጠ ሊጥ ይሸታል። ወንድይፍራው መኖ በእጁ ዝቆ አፏ ሥር ያዘ።

«በሞቴ» አላት።

ፊቷን አዞረችበት። ሰውዬው በሞቴ ብሎ እንቢ ሲባል በዕድሜው ይህ የመጀመሪያው ነው። እጁ ላይ ያለውን መኖ ጆንያው ውስጥ መለሰና ግርግሙ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

ጋሽ ሽብሩ መጥቶ ጎኗን በጣቱ መታ መታ አደረገና ወደ ከብት ሐኪም ቤት አዘገመ። ይዟት የተመለሰው የከብት ሐኪሟን ብርዛፍን ነው። ሐኪሟ ጆሮዋን ላሟ ጎን ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች።

«አባባ፣ ምን በላች?»

«ያው በጣሳ ነው።»

«ስንት ጣሳ?»

ወንድይፍራው ጋሽ ሽብሩን አየ። ጋሽ ሽብሩ ጣሪያውን አየ።

«በሳፋ ብንቆጥረው ይቀላል» አለ ወንድይፍራው ቀስ ብሎ።

ብርዛፍ አልተቆጣችም። ሶዳ በውሃ በጥብጣ በጠርሙስ አጠጣቻት። «የላም ሆድ ገለባና ሣር ሲያገኝ ነው የሚፈጨው» አለች። «ዱቄት በአንድ ጊዜ ሲገለበጥበት እንደ ቡሆ ይኮመጥጣል። ሦስት ቀን ከድርቆሽና ከውሃ በቀር ምንም እንዳይቀርባት። ቀስ እያሉም ያንቀሳቅሷት።»

«ትድናለች?»

«ካመሰኳች ትድናለች።»

ወንድይፍራው ያን ቀንና በማግስቱ ሥራው የላም አፍ ማየት ሆነ። ገመዷን ይዞ ከበረቱ እስከ ባሕር ዛፉ፣ ከባሕር ዛፉ እስከ በረቱ ያመላልሳታል፤ ቆም ይልና መንጋጋዋን ያያል። የሚያልፍ ሰው ሰላም ሲለው አይሰማም። በሁለተኛው ቀን እንግዳ መጥቶ ውሃ እንኳ ሳይቀርብለት ተመልሷል፤ ይህም በአገሩ እንደ ትልቅ ወሬ ተወርቷል።

ረቡዕ ጠዋት ድርቆሹን ለቀም ለቀም አደረገች። ፀሐይ ሞቅ ሲል ተኛች። ከዚያ ከአንገቷ ሥር አንድ ነገር ወደ ላይ ሲወጣ ታየ፤ መንጋጋዋም ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ሄደ። ወንድይፍራው ኮፍያውን አወለቀ። ስብከት የሚሰማ ይመስል እስክትጨርስ ድረስ መልሶ አልደፋውም።

ውድነሽ ቅዳሜ ተመለሰች። ላሟ ቆማለች፤ ወተቱ ግን የባልዲውን ግማሽ አይደርስም። ባሏ ከደብረ ብርሃን ስለመጣው የሕፃኑ ወሬ ደጋግሞ ጠየቃት። እሷ ግን ጣሳውን ከምሰሶው አወረደችና ወደ ውስጡ አየች። ሸረሪት አድርታበታለች።

ድሩን በጣቷ ጠረገች፤ ጣሳውን አጠበች፤ ከዚያም ለባሏ አቀበለችው። እሱም ሸጊት ፊት ቆሞ «አንድ» ብሎ ጮክ ብሎ ቆጠረ፤ ውድነሽ እስክትነግረውም «ሁለት» አላለም።

በማግስቱ ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረቻት» ሊል ተሰበሰበ። ወንድይፍራው ሳምንቱን ሙሉ ያልተነካ ደግነቱን ይዞ ወደ ጋሽ ሽብሩ ዞረ፤ ጉርሻዋ የጡጫ ያህል ናት።

«በሞቴ፣ ጋሽ ሽብሩ።»

«ለእኔስ ግድ የለህም፣ አምጣት» አለ ሽማግሌው። «እኔ በቃኝ የምልበት አፍ አለኝ፤ ባትሰማኝም ተነስቼ እሄዳለሁ። ያቺ ግን በገመድ ታስራ፣ የሰጠሃትን ሁሉ አምናህ ትበላለች።»

ወንድይፍራው ዓይኑን ወደ በረቱ ጣለ።

ጋሽ ሽብሩ ጉርሻዋን ተቀበለ፤ አላምጦ እስኪውጥ ሰዉ ሁሉ ጠበቀው፤ ከዚያም አፉን ጠርጎ እንዲህ አለ፦ «እንግዳን በሞቴ፣ ላምን በጣሳ።»