አልከፈት ያለው የመኪና በር

በአንድ ወቅት፣ ያውም በጣም ሩቅ ባልሆነ፣ ሰው ስለ ቤንዚን ሰልፍ ማውራቱን ትቶ ስለ ባትሪ ማውራት በጀመረበት ወቅት፣ መተሐራ ከተማ ውስጥ የሺመቤት የምትባል ባልቴት ነበረች። ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። የበኩር ልጇ ውብሸት አዳማ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ይነግዳል። መካከለኛዋ ሰናይት አዋሽ አግብታ ትኖራለች። የመጨረሻው ደምሰው ሾፌር ነው፤ ትዳሩም ሥራውም እዚያው መተሐራ ነው።

የየሺመቤት ጉልበት እምቢ ካለ ቆይቷል። ባጃጅ እስኪመጣ በዚያ ፀሐይ መቆም ሲያቅታት ቤት መዋል ጀመረች። ማኅበሩም ቀረ፣ ለቅሶ መድረሱም ቀረ። ሰው ሲሞት ያልደረሰች ሴት የራሷ ቀን ሲመጣ ማን ይደርስላታል? ይህ ነገር ያብከነክናት ነበር። ልጆቿ ይህን አዩና ተማክረው መኪና እንስጣት አሉ።

እንግዲህ ደህና አድርጋችሁ ስሙኝ፤ ኋላ ፈራጆቹ እናንተ ናችሁ።

ውብሸት መኪናውን አመጣ። ወዳጆቹ አሮጌም ቢሆን የታወቀ መኪና ግዛ ብለውት ነበር፤ የታወቀው ግን ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። ከቻይና በጅቡቲ በኩል የገባ፣ በኤሌክትሪክ የሚሄድ፣ ፕላስቲኩ እንኳ ያልተላጠ አዲስ መኪና ደግሞ በግማሹ ይገኛል። ቻይና ደህና መኪና አትሠራም የሚል ሰው ይዋሻል፤ ትሠራለች። የውብሸት ኪስ ግን ደህናው ጋ አልደረሰም። የደረሰው ስሙን ማንም ሰምቶት የማያውቀው፣ መለዋወጫ የሌለው፣ መካኒክ ከፍቶ ሲያየው ራሱን የሚያክበት ዓይነት ላይ ነው። አስፈትሸኸዋል ወይ ሲሉት አዲስ መኪና ምኑ ይፈተሻል ብሎ አለፈ። በዚያን ጊዜ የሚታየው እናቱ ከፀሐይ ስትገላገል ብቻ ነበር።

ሰናይት መኪናውን አለበሰች። በእኛ አገር መኪና ራቁቱን አይነዳም፤ ወንበሩ ካልለበሰ ባለቤቱ ሳይሆን ተውሶት የመጣ ሰው የሚነዳው ይመስላል። ሰናይትም ወንበሩንና የአራቱንም በር የውስጥ ገጽታ ቡናማ ቆዳ አስለበሰችው፤ እናቷ ክንዷን ስታስደግፍ እንዲለሰልሳት ብላ። የሚያለብሰው ሰውዬ ከየበሩ ሥር አንድ አንድ ቀይ ገመድ አገኘና ምን እንደሆነ ጠየቃት። አየችው፤ ፋብሪካ የረሳው ክር መሰላት። "ምንም አይደለም፤ ቆዳው ይሸፍነው" አለችው። ያ ገመድ ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ በሩን በእጅ የሚከፍት ነበር። ይህን የሚያስረዳ መጽሐፍ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፤ የተጻፈው ግን በቻይንኛ ነው።

ደምሰው ደግሞ ነዳላት። የራሱን ሥራ እያቋረጠ ማኅበር አደረሳት፣ ለቅሶ አደረሳት፣ ገበያም ሳይቀር መኪናው ውስጥ ተቀምጣ እየተመረጠላት ገዛች። መኪናው በር ሲከፈት በሴት ድምፅ የሆነ ነገር ይናገራል፤ የሺመቤትም ሰላምታ ነው ብላ "እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንደምን አደርሽ" ትለዋለች፤ ደምሰው በሳቅ ይሞታል። ጎረቤት ሁሉ በሩን ለማየት ይመጣ ነበር። እጀታው አይታይም፤ ሰው ሲጠጋ ከብረቱ ውስጥ ራሱ ብቅ ይላል። እንግዲህ በእነዚያ ወራት የሺመቤት ደስተኛ ነበረች፤ ይህን መካድ አይቻልም።

አንድ ሰሞን ከመሪው ፊት ለፊት ቀይ ምልክት መብራት ጀመረ፤ ከጎኑም የቻይንኛ ጽሑፍ አለው። ደምሰው ሲጫነው ይጠፋል፣ በማግሥቱ ይበራል። መኪናውም አልፎ አልፎ ቀጥ ብሎ ይቆምና መልሶ ይነሣል። ለወንድሙ ልንገረው አለና ተወው። ብነግረው መኪናው ይቆማል፣ መኪናው ከቆመ እማዬ ቤት ልትውል ነው አለ። ደግሞስ ማን ሊጠግነው?

ከዚህ በኋላ ግንቦት ገባ። ወለንጪቲ የየሺመቤትን የእህት ልጅ መልስ በልተው አራቱም በአንድ መኪና ሲመለሱ፣ ከከተማው ወጣ እንዳሉ የተቃጠለ ፕላስቲክ የሚመስል ነገር ሸተታቸው። ደምሰው ዳር ይዞ አቆመ። እሱና ውብሸት ሊያዩ ወረዱ፤ ሲወርዱም የፊቶቹን በሮች ዘጉ፤ የውስጡ ቅዝቃዜ ወጥቶ እናታቸውን ሙቀት እንዳይጨርሳት አስበው ነው። በዚያው መኪናው ጭልም አለ። የሚነፍሰው አየር ቆመ፣ መስኮቱ እንደተዘጋ ቀረ፣ እጀታዎቹ ብረቱ ውስጥ እንደተቀበሩ ቀሩ። ከኋላ የሺመቤትና ሰናይት ተቀምጠዋል።

የሺመቤት መጀመሪያ ምንም አልመሰላትም። ወንዶች ልጆቿ ከውጭ በሩን በጥፍራቸው ሲፈለቅቁ፣ አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያለች፤ ድምፃቸው ግን ከሩቅ እንደሚጠራ ሰው ነው የሚሰማት። ከዚያ ከወለሉ ጭስ መጣ። ልነሣ አለች፤ ጉልበቷ አልታዘዝ አላት። ልጩህ አለች፤ ጭሱ አነቃት። ሦስት ልጅ ወልዳ፣ ሦስቱም አጠገቧ እያሉ፣ እንደዚያ ብቻዋን ሆና አታውቅም።

ውብሸት ድንጋይ አነሣ። ፊቱንና በሰናይት በኩል ያለውን ጎን ጭሱ ውጦታል፤ የቀረው በእናቱ በኩል ያለው መስኮት ነው። ዓይንሽን ጨፍኚ እያለ ጮኸ፤ እሷ አልሰማችም፣ ልጇን እያየች ነበር። እንደማትጨፍን አየ። ወረወረ። መስኮቱ ረገፈ፣ አየር ገባ፣ የሺመቤት ተነፈሰች፤ የመስተዋቱ ስባሪ ግን ግራ ዓይኗ ውስጥ ገባ።

መስኮቱ ለሰናይት ይበቃታል፤ ቀጭን ናት። ለወፍራሟ እናቷ ግን አይበቃም። ወንድሞቿ ውጪ፣ ውጪ አሏት። ሰናይት ያ ቀይ ገመድ ትዝ አላት፤ ከየበሩ ሥር ያለ ገመድ በር ሳይከፍት አይቀርም አለች። አልወጣችም፤ ያለበሰችውን የእናቷን በር ቆዳ በጥፍሯ ያዘችው፣ ጥፍሯ ሲነቀል በጥርሷ ያዘችው። ቀደደችውና ገመዱን ሳበችው፤ በሩ ተከፈተ።

በሩ ሲከፈት እሳቱ ከወለሉ ወጥቶ ነበር። ደምሰው አላመነታም፤ ሁለት እጁን እሳቱ ውስጥ ሰድዶ እናቱን በብብቷ ያዛትና ባለ በሌለ ኃይሉ ጎተታት። ወጣች። ስትወድቅ ዳሌዋ አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አረፈ፤ የተሰበረውን አጥንት ድምፅ ሁሉም ሰሙት። ሰናይት ከኋላዋ ተከትላ ወጣች። የደምሰው ክንድ እስከ ክርኑ ተላጠ።

የጭነት መኪና ሾፌሮች ቆመው አፈርም ሞከሩ፣ ውሃም ሞከሩ። እሳቱ ጠፋ ሲሉት ይነሣል። መጨረሻ ላይ ሁሉም እጁን አጣምሮ ማየት ብቻ ሆነ።

አዳማ ሆስፒታል ሐኪሙ ዓይኗን ማዳን አልቻለም። ዳሌዋንም እንደነገሩ አያያዘና ለልጆቿ ቁርጡን ነገራቸው፤ ከእንግዲህ በእግሯ አትቆምም፣ ብቻዋንም መኖር አትችልም፣ ከሆስፒታል አንድ ጊዜ ብቻ ትጓዛለች፣ አልጋዋ ከተዘረጋበት ቤት ወዲያ ወዲህ አትባልም። በየተራ ማስታመም የሚባለው ነገር በዚህ ቀረ።

ልጆቹ ተጠያቂ ፍለጋ ወጡ። መኪናውን የሸጠው ሰው ሱቅ ፍራሽ መሸጫ ሆኗል። ወደ አንድ ቢሮ ሄዱ፤ አቤቱታችሁን ለአምራቹ አቅርቡ ተባሉ። አምራቹ የት ነው? አድራሻው እንደ መጽሐፉ በቻይንኛ ነበር፤ እሱም ከመኪናው ጋር ነዷል። ሲደክማቸው፣ የሚወቅሱት ሌላ ሰው ሲያጡ፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ርካሽ ነገር ያመጣህብን አንተ፤ ገመዱን የቀበርሽው አንቺ፤ ምልክቱን እያየህ ዝም ያልከው አንተ። ሦስቱም እውነት ነበር፤ ችግሩም እሱ ነው።

ከዚያ እናታችን የምትሄደው እኔ ቤት ነው ተባባሉ። ጠብ የመሰላችሁ እንደሆነ ተሳስታችኋል፤ ሸክም የሚሸሽ ልጅ አልነበረም፣ ሁሉም እኔ ልጡራት ነው የሚለው። ጉዳዩ ሌላ ነው። የሺመቤት ወደ አንዱ ቤት ከሄደች ያን ልጇን ይቅር ብላዋለች ማለት ነው። የቀሩት ሁለቱ ፍርዳቸውን ተሸክመው ይኖራሉ። ይህን ልጆቹም ያውቁታል፣ እሷም ታውቀዋለች።

የአባታቸው ጓደኛ ጋሽ መርጊያ ከመተሐራ ተጠርተው መጡና አልጋዋ ሥር ተቀመጡ። ልጆቹን ቃላችሁን ስጡ አሏቸው።

ውብሸት "ድንጋዩን ባልወረውር ታፍና ትሞት ነበር። ያጨለምኩትን ዓይን በቀን በቀን እያየሁ ልጡራት" አለ።

ሰናይት "በሩን የዘጋሁትም የከፈትኩትም እኔ ነኝ። ደግሞ የሴት ልጅ እጅ ያስፈልጋታል" አለች።

ደምሰው በፋሻ የተጠቀለሉ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ "እኔ ከእሳት አወጣኋት። ሌላ የምለው የለኝም" አለ።

ጋሽ መርጊያ ወደ እሷ ዞሩ። "የሺዬ፣ እኔ ልፈርድ አልችልም፤ አንቺው ተናገሪ" አሏት።

የሺመቤት ተናዳ ነበር። በማን እንደተናደደች ግን አታውቅም። በውብሸት ልናደድ ስትል ያ ከሲታ ፊቱ ድንጋይ ይዞ ሲያለቅስ ትዝ ይላታል። በሰናይት ልናደድ ስትል የልጇ ጥርስ ቆዳ ሲቀድ ይሰማታል። በደምሰው ልናደድ ስትል የተቃጠለ ሥጋው ይሸታታል። ንዴቷ ማረፊያ አጣና እላይዋ ላይ ቀረ።

"አንዱን ከመረጥኩ ሁለቱን ገደልኳቸው" አለች። "ባልመርጥስ የት ልተኛ ነው?"

ሽማግሌው በትራቸውን አንሥተው ወጡ።

የመውጫዋ ቀን ደረሰ። ቃሬዛው መጣ፣ አምቡላንሱ ውስጥ ገባች። ሦስቱም ልጆቿ ከበሩ ቆመዋል። ሰናይት ጥፍር አልባ ጣቶቿን ነጠላዋ ውስጥ ደብቃለች። ደምሰው እናቱን ሊያነሣ ይቅርና የራሱን ጉርሻ የሚያጎርሰው ሰው ነው። ውብሸት ከዚያ ቀን ወዲህ እንደለመደው በማታይበት ዓይኗ በኩል ቆሟል፤ እንዳለ የምታውቀው በሳሉ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣና አንገቱን መለስ አድርጎ "እማማ፣ እዚሁ አዳማ ነው፣ መተሐራ ነው፣ ወይስ አዋሽ?" አላት።

የሺመቤት ሁለቱን ልጆቿን አየቻቸው፣ የሦስተኛውን ሳል ሰማች። ሾፌሩ አሁንም እየጠበቀ ነው። እናንተ ፈራጆች፣ እሷ ያቃታትን እናንተ ንገሩት፤ ከሦስቱ ልጆች የሺመቤት የምትገባው ለማን ነው?