በአንድ ጣት የተያዘ ጣራ

ካጋነንኩ ምላሴን ይቁረጠው፤ የባላምባራስ ጓንጉል ሪዝ በበር ገብቶ እሳቸው እስኪከተሉት ድረስ የቤቱ ባለቤቶች ምሳ በልተው ይጨርሱ ነበር።

ክረምት ሲገባ የእማማ ደብሪቱን አዲስ የሣር ጣራ ከመሬት አንስቶ ግድግዳው ላይ ለመጫን ደቦ ተጠራ። የደቦው አለቃ አንድ ምላሰኛ ድሃ ገበሬ ነበር። አርባ ሰው ጠርዙን ተሸክሞ ሲያቃስት፣ ባላምባራስ ከሥር ገብተው አንዱን የጣራ ወራጅ እንጨት በአንድ ጣት ነካ አድርገው ቆሙ።

«ጌታዬ፣ ትከሻም ቢያክሉበት?» አላቸው አለቃው።

«ዝም በል! ጣራውን ብቻዬን የተሸከምኩት እኔ መሆኔን በሰው ፊት መስክር። እምቢ ካልክ ሃያዎቹን ጭሰኞቼን ይዤ እሄዳለሁ!»

ሃያ ሰው ከሄደ ጣራው አይወጣም፤ ዝናቡ ደግሞ ከተራራው ማዶ ያጓራል። እማማ ደብሪቱ ፊታቸውን በነጠላ ሸፈኑ።

አለቃው ከነሸክሙ እጅ ነሣ። «እውነት ነው፣ ብቻዎን ነው የተሸከሙት። ወንድሞቼ፣ በጌታችን ሸክም እኛ ምን አገባን? ሦስት ስል ሁላችሁም ልቀቁና ሽሹ። አንድ! ሁለት!»

«ኧረ የሁላችንም ነው!» ብለው ባላምባራስ ትከሻቸውን ከወራጁ ሥር ሲሰኩ ጣራው አንድ ክንድ ወደ ላይ ዘለለ።

«እንኳን ደህና መጡ፣ ጌታዬ!» አለ አለቃው። «ከጧት ጀምሮ ጣትዎን ልከውልን እርስዎን ስንጠብቅ ነበር።»