ጀርባውን ማየት ያልወደደው ጾመኛ

አንድ ሰው ነበረ። ሀብታም ነው፣ ጾመኛ ነው፣ ደግሞም ጣፋጭ ነገር ሲያይ ምራቁን የሚውጥ ነው። ሦስቱ አንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ጉድ ይፈላል። ቁጭ በይ ማኅደርዬ፤ «እማማ፣ ይሄ የታሸገ ጄሊ በሁዳዴ ይበላል? ከምን እንደተሠራ ሳላውቅ ብበላውስ ኃጢአቱ በማን ነው?» ብለሽ ጠይቀሽኝ የለ? እኔ ካህን አይደለሁም፤ ወሬ ግን አላጣም።

ይሄ ሰውዬ በጾም ቀልድ አያውቅም። ሁዳዴ ሲገባ ድስቱን በአመድ ያስፈትጋል፣ ማማሰያውን ያስቀቅላል። አንድ ቀን የጎረቤት ላም በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫዋን አስገብታ ጎመኑ ላይ ብትተነፍስ፣ «ፍስክ ሆኗል!» ብሎ መደቡን ሙሉ አስነቀለው። ዶሮ ስታስካካ ደግሞ ጆሮውን ይይዛል፤ እንቁላል እንዳይታወሰው! ምን ያስቅሻል? እንዲህ ነው የነገሩኝ። ትንሽ ጨምሬበት ከሆነም፣ ጨው የሌለው ወጥ ማን ይበላል?

ታዲያ ይሄ ሰው ገበያ ወርዶ ሱቅ ውስጥ ጄሊ፣ ያንን ሲነኩት የሚርገፈገፍ ጣፋጭ፣ አየ። ሽፋኑ ላይ ማንጎና እንጆሪ ተስሏል። ጀርባው ላይ ደግሞ ከምን ከምን እንደተሠራ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ሰውዬው ማንበብ ይችላል፤ ዳዊት የሚደግም ሰው ነው። ግን አላገላበጠውም። ባለሱቁን፣ «ይሄ የጾም ነው፣ አይደል?» አለው።

«ለርስዎማ የጾም ነው፣ ጌታው» አለ ባለሱቁ።

ምን ይበል? ሰውዬው እኮ አልጠየቀውም፤ መልሱን አጎረሰው።

ይዞ ቤቱ ገባ። ሚስቱ አየችና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ጀርባውን አንብበኸዋል?» አለችው።

«የሰው ጀርባ የሚያይ ሐሜተኛ ነው።»

«ማማሰያ የምታስቀቅል ሰው ይሄን ለማገላበጥ ሰነፍክ?»

«ሥዕሉ ላይ ላም ይታይሻል? ማንጎ ነው። ማንጎ ደግሞ ቀንድ የለውም!» ብሏት ቁጭ አለና በላ። ደገመ። ሲጥመው ጊዜ፣ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመው ሽፋን የሚታዘበው መሰለው። ዓይኑ ወደዚያ ይሄዳል፣ ይመልሰዋል፤ እንደገና ይሄዳል፣ እንደገና ይመልሰዋል። በመጨረሻ ተናደደ። «ከእንግዲህ እዚያው ጓዳ አውጥተሽ በሳህን አምጪልኝ። ሽፋኑን እሳት ውስጥ ጣዪው!» አላት። እሷ ግን ላስቲክ ሲቃጠል ሽታው ራሷን ያማታል፤ ስለዚህ ጓዳው ጥግ ትወረውረው ነበር።

ጎረቤቱ አንዲት መበለት ነበረች። ልጇ ምጥ ጠንቶባት ልትሞት በደረሰች ጊዜ፣ «ልጄን አትርፍልኝ እንጂ እስክሞት ድረስ የእንስሳ ነገር ባፌ አይዞርም» ብላ ተሳለች። ልጅቷ ተረፈች። እናትየው ከዚያ ወዲህ ፋሲካ ሆኖ አገሩ ሁሉ ዶሮ ሲግጥ እሷ ሽሮዋን ይዛ ትስቃለች። ስለቷን ያፈረሰች ቀን ልጇን የምታጣ ስለሚመስላት ግን ሰው ቤት እህል አትቀምስም። ከዚህ ሰውዬ ቤት በቀር። «ላም የተነፈሰችበትን ጎመን የነቀለ ሰው እኔን አያሳስተኝም» ትላለች።

በሁዳዴ መሀል ማኅበር የማውጣት ተራው የሰውዬው ሆነ። ማኅበርተኛው ተሰበሰበ፣ የነፍስ አባቱም መጡ፣ መበለቲቱም ተጠርታ መጣች። ሽሮው፣ ክኩ፣ ተልባው ተበላ። ይሄኔ ሰውዬውን መታየት አማረውና፣ «ያንን ነገር አምጪው!» አለ። ሚስቱ ጄሊውን በየሳህኑ አድርጋ አመጣችው።

ከማኅበርተኞቹ አንዱ ሸማኔ ነው። ሳህኑን ነቅነቅ አደረገና፣ «ኧረ ይሄ ነገር በርዶታል፣ ጋቢ አልብሱት!» አለ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

መበለቲቱ እንግዳ ናትና ቀድማ ትቅመስ ተባለ። ማንኪያዋን አነሳችና ቆም አለች።

«ጋሼ፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። የእንስሳ ነገር የለበትም አይደል?»

«ፍራፍሬ ነው።»

«ፍራፍሬስ እንዲህ ሲርገፈገፍ አላየሁም። እንግዲህ እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። እርስዎ የለበትም ካሉኝ እበላለሁ። የልጄ ነፍስ ነው፣ ጋሼ።»

ሰውዬው «የለበትም» ሊል አፉን ከፈተ። ዓይኑ ግን ወደ ጓዳው ጥግ ሄደ። ሸማኔው፣ «አሁንስ ሳህኑም ባለሳህኑም ተንቀጠቀጡ» አለ። መበለቲቱ ዝም ማለቱን እንደ አዎንታ ቆጠረችው፤ ማንኪያዋን ወደ ከንፈሯ ወሰደች።

ሰውዬው እንደ ፍየል ዘለለ! ማንኪያዋንም ሳህኗንም በአንድ እጁ ሲመነትፋት፣ ጄሊው አየር ላይ ወጣ፣ ተገለበጠ፣ ወርዶም የሸማኔው ራስ ላይ ቆብ ሆኖ ቁጭ አለ። ማንም አልሳቀም። ሸማኔው ራሱ እንኳ አልጠረገውም።

ሰውዬው ጓዳ ገባ። ከጥግ አንድ ሽፋን አነሳ፣ ብርሃን ወዳለበት ወጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ገለበጠው፣ ጮክ ብሎም አነበበ። «ስኳር። የፍራፍሬ ጭማቂ። ጄላቲን…» ድምፁ ሟሸሸ። «ከከብት።»

ጄላቲን ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣው ነው። የእግር ሾርባ አድሮ ሲረጋ አይተሽ የለ? እሱው ነው፣ ስኳር ለብሶ።

መበለቲቱ ከንፈሯን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች፤ ምንም አልነካትም፣ ግን ጠረገች። ደግማም ጠረገች።

የነፍስ አባቱ ሰውዬውን ቀና ብለው አዩትና፣ «መቼ ነው ያወቅኸው?» አሉት።

«አሁን ነው አባ። ሳነብ ሰምተውኝ የለ?»

«ያነበብክበትን አልጠየቅሁህም። ያወቅህበትን ነው።»

ሰውዬው አንገቱን ደፋ። «ሽፋኑን እሳት ውስጥ ጣዪው ያልኳት ቀን» አለ።

መበለቲቱ ተነሣች። ትረግመዋለች ብለው ሲጠብቁ፣ «ለራስዎ የጨፈኑትን ዓይን ለኔ ገለጡልኝ። ልጄ ብትሰማ ትመርቅዎታለች። እኔ ግን ዛሬ ትንሽ ልቆጣዎት» ብላ ወጣች።

ሰውዬው ጄሊ ተወ ብለሽ እንዳታስቢ፤ ሆዱ እኮ ያው ነው። ሱቅ ለሱቅ እየዞረ የዕቃውን ሁሉ ጀርባ ሲያነብ ባለሱቆቹ መርማሪ መጣብን ብለው ሸሹት። በመጨረሻ በባሕር ሣር የሚረጋ ጄሊ አገኘ፤ የእንስሳ ነገር ጨርሶ የለበትም። መጀመሪያ ለመበለቲቱ ወስዶ አንድ በአንድ አነበበላት። እሷም ቀመሰችና፣ «በሉ ጋሼ፣ ይሄን ያህል ያስለፋዎት ይሄ ነው? ውኃ ውኃ ይላል!» አለችው።

አየሽ ማኅደርዬ፣ አንቺም እንደዚያ ሰውዬ ነሽ። ክፉ ሆነሽ አይደለም፤ ጣፋጭ ወደሽ ነው። ሳያውቅ የበላ ሰው አለ፤ እሱን እግዜር ይቅር ይለዋል። እንዳያውቅ ብሎ ዓይኑን የጨፈነ ግን፣ ምንም ካላወቀ ምን አስጨፈነው? መልሱን የሚያውቀውን ትተሽ ጥያቄሽን ደስ የሚልሽን ለሚነግርሽ ካቀረብሽው፣ ጠየቅሽ አይባልም። ይኸው ቤቱ ማንበብ በሚችል ሰው ተሞልቶ፣ ሁሉንም አልፈሽ እኔ ጋ የመጣሽው ደቃቅ ፊደል እንደማይታየኝ አውቀሽ አይደል?