ውርንጭላውን ያተረፉት ዝምታና ጩኸት

ሕፃን ልጅ መቼ ነው የሚጠመቀው፤ ዛሬ ወይስ አድጎ፣ ራሱ አውቆ? እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ ባለቤቴ ፕሮቴስታንት ነው። ልጃችን ጥርስ ማውጣት ጀምራለች፣ እኔ ግን መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። ሳስተኛት የምነግራት ተረት ግን አለኝ።

አንድ ጊዜ ሁለት የአህያ መንጋዎች በአንድ ወንዝ ማዶ ለማዶ ይኖሩ ነበር። የወዲህ ማዶዎቹ ፈጣሪያቸውን የሚያመሰግኑት ተንበርክከው፣ ዝም ብለው ነው። የወዲያ ማዶዎቹ ደግሞ አንገታቸውን ቀና አድርገው እያናፉ ነው። ከወዲህ ማዶ አንዲት አህያ ወዲያ ማዶ አግብታ ወንድ ውርንጭላ ወለደች። የሁለቱም ወገን ዘመዶች ሊጠይቋት መጡ።

«ዛሬውኑ ውኃ እንርጨው» አሉ የእሷ ዘመዶች።

«ምኑን አውቆ? ይደግና በእግሩ ይግባ!» አሉ የባሏ ዘመዶች።

ይህን የሰማች ቀበሮ መሃል ገባች። ለእነዚህ «ዝም ስትሉ እኮ ዱዳ ይሏችኋል» አለች። ለእነዚያ «ስታናፉ እኮ እብድ ይሏችኋል» አለች። ሁሉም ተኮራረፉ። ጀርባና ጀርባ ሆነው ሲቆሙ ውርንጭላው መሃል ሜዳ ቀረ። እናቱ አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ እየሮጠች «ኧረ በፈጠራችሁ!» ብትል ማን ይስማት።

ቀበሮ ወደ ጫካ በረረች። «አያ ጅቦ፣ ጠባቂ የሌለው ውርንጭላ አለልህ!»

«እናቱንስ ልጨምር?»

«ኧረ ቀስ በል፣ አንተ ሆዳም! ለእኔ አጥንቱን እንዳትረሳ።»

ሲመሽ የወዲህ ማዶዎቹ ተንበርክከው ዝም አሉ። የወዲያ ማዶዎቹ በኩርፊያ ሣር ይነጫሉ። በዚያ ዝምታ ውስጥ ቅጠል ኮሽ አለ።

«ጅብ ነው!» አለች ከወዲህ ማዶዎቹ አንዲት አሮጊት አህያ። «እናንተ ጩኹ እንጂ! የእኛ ድምፅ የት ይደርሳል?»

የወዲያ ማዶዎቹ ባንዴ አናፉ። ጋራው አስተጋባ።

«አንቺ ቀጣፊ! አንድ ውርንጭላ አላልሽኝም? ይሄ የስንት አህያ ጉሮሮ ነው?» ብሎ ጅብ የቀበሮን ጅራት ረግጦ ፈረጠጠ።

እናትየው እፎይ ብላ ልጇ አጠገብ ተኛች።

«ለካ ጩኸታችሁ እብደት አይደለም» አለች አሮጊቷ።

«የእናንተም ዝምታ ለካ ጆሮ ነው» አሉ የባልየው ዘመዶች።

«ውኃውስ?» አለች እናትየው ፈራ ተባ እያለች።

«የዛሬን አንቺ ላሺው፣ ልጄ። የውኃውን ሳንኮራረፍ እንነጋገራለን» አለቻት አሮጊቷ።

ከዚህ የምንማረው የሌላውን ጸሎት ከቀበሮ አፍ ከመስማት ይልቅ ቀርቦ ራሱን መጠየቅ ልጅን ከጅብ እንደሚያድን ነው።

የእኔና የባለቤቴ ቤተሰቦችም እሁድ አብረው ምሳ ሊበሉ እሺ ብለውኛል፤ እፎይ ብያለሁ። ግን የውኃውን ነገር ከምን ልጀምረው? እባካችሁ፣ የምታውቁ ምከሩኝ።