ጫማዬ፣ ዱላዬና የእትዬ አረጋሽ ውሻ

ጠጋ በሉና ስሙኝ። እንስሳውም ዕቃውም እንደ ሰው በሚያወራበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ አሰላ ከተማ ውስጥ አንድ ቦርጫም አስተማሪ ነበር። ምን አስዞረኝ፣ ሰውየው እኔው ነኝ።

ሐኪሙ ስኳሬ እንደጨመረ፣ ካልተንቀሳቀስኩም እግሬን እንደማጣ ነገረኝ። ደንግጬ የሩጫ ጫማ ገዛሁ። ሁለት ቀን ለጎረቤት ሳሳይ ዋልኩ፤ በሦስተኛው ቀን ማለዳ መሮጥ ጀመርኩ።

በእትዬ አረጋሽ ደጃፍ ሳልፍ፣ ጎበዜ የሚባለው ውሻቸው በተከፈተው በር ወጥቶ ተከተለኝ። ጫማዬ ማንም እንደማይደርስብን ነገረኝና ፍጠን አለኝ። አመንኩት። ሃምሳ እርምጃ ሳልሄድ የሱሪዬ መቀመጫ ውሻው አፍ ውስጥ ቀረ። ቤቴ የገባሁት ጀርባዬን ለአጥር ሰጥቼ በጎን በጎን እየሄድኩ ነው።

በማግስቱ የወይራ ዱላ ይዤ ወጣሁ። ዱላው ደግሞ አንዴ ብቻ አንሳኝ፣ አይቶኝ ይሸሻል አለኝ። እሱንም አመንኩት። ሳነሳው ጎበዜ ባሰበትና ባቴን ነከሰኝ። ጤና ጣቢያ ቁስሌን በሳሙና አጥበው የእብድ ውሻ መከላከያ መርፌ ጀመሩልኝ። ነርሷ ዱላ አልያዝክም ነበር ወይ ብትለኝ፣ ይዤ ነበር፣ ጥዬው ሮጥኩ አልኳት።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ቤቴ ተቀመጥኩ። ስኳሬ አሻቀበ። ውሻውንም ፈራሁ፣ ሞቱንም ፈራሁ፤ ሞቱ ሲበልጥብኝ ተነስቼ ለሩጫ ወጣሁ።

ጎበዜ እየጮኸ መጣ። እኔ ቆምኩ። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፣ ሩጫውም ዱላውም ስላላዋጣኝ ነው። እጄን ሰብስቤ መሬት መሬት አየሁ። ውሻውም ግራ ገብቶት ቆመና አሸተተኝ።

«ምን ሰርቀህ ነው?» አለኝ።

«ምንም አልሰረቅሁም።»

«ታዲያ ከማን ነው የምትሸሸው?»

«ከስኳር።»

ከኋላዬ ማንም እንደሌለ አየ። «እኔ በር ጠባቂ ነኝ» አለ። «የሚሮጥ ሰው ሳይ አባርራለሁ፤ ዱላ የሚያነሳብኝን እነክሳለሁ። ሌባ ካልሆንክ ለምን ቀስ ብለህ አታልፍም?»

ሠላሳ ዓመት ሳስተምር ኖሬ፣ ያን ቀን ከውሻ ተማርኩ። ጀርባዬን ሳልሰጠው፣ ቀስ ብዬ አለፍኩ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት እትዬ አረጋሽ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ውሻ አሸነፈው እንዳልባል ደብቄያቸው ነበር። ባቴን አይተው ፊታቸው ተለወጠ።

«ምነው ወንድሜ፣ በመጀመሪያው ቀን ብትነግረኝ ምን ነበረበት? በሩን ክፍት የምተወው እኮ እኔ ነኝ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲህ ሯጭ ሁሉ እስኪያልፍ በራቸው አይከፈትም። እኔም በደጃፋቸው በእርምጃ አልፋለሁ፤ መታጠፊያው ላይ ስደርስ መሮጥ እጀምራለሁ። ስኳሬም ወርዷል።

እናንተም ውሻ ሲመጣባችሁ አትሩጡ፣ ዱላም አታንሱ፤ ቆም በሉና ቀስ ብላችሁ እለፉ። ከዚያ በፊት ግን ባለቤቱን አነጋግሩ። እኔ «በሩን ዝጉልኝ» የሚሉ ሁለት ቃላት መናገር አፍሬ፣ ባቴን ያስነከስኩ ሰው ነኝ።