ያለቦታው የተባለ አሜን

ቀኛዝማች ደምመላሽ የሚባሉ የአንድ ወረዳ ገዥ ነበሩ። መናገር ይወዳሉ፤ መጨረስ ግን አይሆንላቸውም።

አንድ የገበያ ቀን፣ ስለ መንገድ ጥረጋ እናገራለሁ ብለው ገበያተኛውን ሜዳ ላይ አስቀመጡት። «ላሳጥርላችሁ» ብለው ጀመሩና ከአያታቸው ጀግንነት ተነሥተው የራሳቸው ሠርግ ላይ ደረሱ። «ብቻ ላሳጥርላችሁ» አሉና ደግሞ ወደ በቅሏቸው ዘር ገቡ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ለገበያ የመጣው ቅቤ በየቅሉ ይቀልጣል። ተነሥቶ መሄድ ያስገርፋልና ሕዝቡ ተቀምጦ ያንጎላጃል።

አሁንም «እንግዲህ ላሳጥርላችሁ» ሲሉ፣ ከኋላ የተቀመጠ አንድ ምላሰኛ ገበሬ ድምፁን ከፍ አድርጎ «አሜን!» አለ።

እንቅልፍ የያዘው ሕዝብ የመዝጊያው ምርቃት መስሎት «አሜን!» ብሎ ተቀበለና ልብሱን እያራገፈ ብድግ አለ።

ቀኛዝማች ደማቸው ፈላ። «ያንን ባለጌ አምጡልኝ!» አሉ። ገበሬውን ፊታቸው አቆሙት፤ ጅራፍም ቀረበ።

«አንተ! አሜን የሚባለው ለምርቃት ነው። እኔ ምን ብዬ መረቅሁህ? ተናገር፤ አለዚያ ጀርባህን አስተለትለዋለሁ!»

ገበሬው እጅ ነሣ። «ጌታዬ፣ ‹ላሳጥርላችሁ› አላሉንም? ለዛሬ ከዚህ የበለጠ ምን ምርቃት አለ? እግዜር ይፈጽመው ብዬ ነው እንጂ!»

አሁን ሕዝቡ እንቅልፉ ለቆታል። ከበፊቱ አስበልጦ፣ «አሜን!» አለ።